በሬዎቹ እስኪፈረምባቸው

እሑድ

እግሬ ነዶ አለቀ። ሰንበቴ ገበያ ከጠዋት ጀምሮ በሬ ስመርጥ ዋልኩ፤ ያውም እኔ፣ ሒሳብ ተምሬ ባንክ የገባሁት! እውነቱን ለመናገር የመረጡት ደንበኛዬ ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ እኔ ከፋይ ነበርኩ። ከወለድ ነፃ መስኮት ላይ መሥራት እንዲህ ነው። ገንዘብ አናበድርም፤ በሬውን ባንኩ ራሱ ይገዛውና ትርፉን ጨምሮ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጥለታል።

ስድስት ገዛን። ጋሽ ሰይድ አደልበው ለዐረፋ ሊሸጧቸው፣ ጨፋ ወዳለው ግቢያቸው ነዷቸው። የሽያጩን ውል ነገ ከሚሴ ቢሮ እንፈራረማለን። እሑድ ቢሮው ዝግ ስለሆነ ሁልጊዜም የምናደርገው እንዲህ ነው። በአንድ ሌሊት ምን ይመጣል?

ሰኞ

አራቱ ሞተዋል።

ሌሊት መብረቅ ወርዶ። ጋሽ ሰይድ ሲደውሉ አላመንኩም፤ ባጃጅ ይዤ ሄጄ በዓይኔ አየሁ። ዛፉ ሥር እንደተኙ ቀርተዋል። አንደኛው አፍ ውስጥ ገና ያልዋጠው ሣር አለ። የጋሽ ሰይድ የራሳቸው ላምም አብራ ሞታለች። የጥበቃ ጉድለት ነው የሚል ሰው ቢመጣ፣ ላሚቱን አሳየው ነበር።

ድንጋጤው ግን ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ነው የያዘኝ። ውሉ አልተፈረመም። ካልተፈረመ በሬዎቹ የጋሽ ሰይድ አይደሉም፤ የባንኩ ናቸው። ሳይፈረም ውሰዷቸው ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ያ ረቢ!

ደሴ ስለ ስጋት አስተዳደር ሠልጥኛለሁ እኮ። ስጋቱን ለዪ፣ መዝኚ፣ ቀንሺ፣ የማትችይውን ለኢንሹራንስ አስተላልፊ። ሁሉንም ጽፌያለሁ፦ ደንበኛው ባይከፍልስ? የከብት ዋጋ ቢወርድስ? በሽታ ቢገባስ? ኢንሹራንሱ የሚጀምረው ከፊርማው በኋላ ነው። እሑድ ማታን ያሰበ ሰው የለም። እኔም አላሰብኩም።

ማክሰኞ

ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ውሉ ላይ የእሑድን ቀን ጻፊበት» አለኝ። ጋሽ ሰይድ ውጭ ቁጭ ብለዋል፣ ይፈርማሉ፣ ነገሩም ያልቃል። እንዲህ በቀላሉ!

ከዚህም በላይ ያስደነገጡኝ ግን ራሳቸው ጋሽ ሰይድ ናቸው። ተጠርተው እንደገቡ፣ ገና ሳይጠየቁ እስክሪብቶ አነሱ። «ግቢዬ ውስጥ ነው የሞቱት፤ ለሰው አልጥልም ልጄ» አሉ። ያሉት ከልባቸው ነው። ቢፈርሙ ግን ያለቀላቸው ነው፤ በሌሉ በሬዎች ዕዳ መሬታቸውን ያከራያሉ።

«ጋሼ፣ አይፈርሙ። የሞተ በሬ አንሸጥልዎትም፤ ሐራም ነው» አልኳቸው።

ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን እስካሁን አላምንም። ሥራ አስኪያጁ አየኝ፤ አስተያየቱን አልረሳውም። ለዋናው መሥሪያ ቤት የሆነውን እንዳለ ጽፌ ላክሁ። ስልኬን ግን ዛሬ አላነሳም፤ መልሳቸውን ፈርቻለሁ።

ረቡዕ

ምንም የለም። ማንም አልደወለም። ሥራ አስኪያጁ ሰላምታዬን አይመልስም። እህቴ «ማን ጠይቆሽ ነው የተናገርሽው?» አለችኝ። ብባረር የቤት ኪራዩን የምከፍለው በምንድን ነው?

ሐሙስ

ተደወለ! ኪሳራው የባንኩ ነው። ከእንግዲህ ውሉና ማኅተሙ ገበያው ድረስ ይሄዳሉ፤ ሳይፈረም አንድም ከብት አይነዳም። የኔ ጉዳይ ለብቻው ይታያል ተባለ። መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም።

ከሰዓት ጋሽ ሰይድ መጡ። ነገርኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አልሐምዱሊላህ አሉ። ቆይተው ግን ሌላ ነገር ትዝ አላቸው።

«የተረፉት ሁለቱስ የማን ናቸው?»

«እነሱም የባንኩ ናቸው። ካልፈለጉ መተው ይችላሉ።»

ክው አሉ። ከእሑድ ጀምሮ በእጃቸው ሲያበሏቸው ነው የሰነበቱት። አልተውም አሉ። የዛሬን ቀን ጽፌ በየገጹ አስፈረምኳቸው፤ ኢንሹራንሱንም እዚያው። ሻይ አዘዝኩላቸው።

«አሁን የኔ ሆኑ?»

«አዎ ጋሼ። አሁን የእርስዎ ናቸው።»

በመስኮቱ ወደ ሰማይ አዩ። ደመናው ሲገቡም ነበር፤ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ሻዩን ሳይነኩት ብድግ ብለው ወጡ። በሩ ላይ ባጃጅ ሲጣሩ ሰማኋቸው፤ ሁለቱን በሬዎች ከዛፉ ሥር ሳይፈቷቸው ነበር የመጡት።

ሳቄ መጣ፤ በዚህ ሳምንት የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ዝናቡ ጣለ፤ እኔም መብረቁን እየጠበቅሁ መስኮቱ ላይ ቆሜ ቀረሁ።