ለየቋንቋው የራሱ ክፍል

እህት ዓለም፣

ተኝተሽ ስለነበር አልቀሰቀስኩሽም። እውነቱን ለመናገር ግን ዓይንሽን እያየሁ ለማውራት ድፍረት አጣሁ።

ኮምፒውተርሽ ላይ ለፕሮግራም ቋንቋዎችሽ፣ ለፓይተን፣ ለጃቫና ለጎ፣ ለየብቻ የመሥሪያ ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ። እንደኛ ቤት አይደለም፤ እዚያ አንዱ የሌላውን ዕቃ አይነካም። አንዱ ክፍል ቢበላሽ አጥፍተሽው በአንድ ትእዛዝ እንደ አዲስ ታነሺዋለሽ። ትእዛዙን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ።

ቻርጀርሽ ግሎ ስለነበር ነቅዬዋለሁ።

ማክሰኞ አለቃሽ ፊት ፕሮግራምሽ አልነሳ ሲል «የኔ ጥፋት ነው» ብለሽ አንገትሽን ደፍተሽ መውጣትሽን ነገርሽኝ። እኔም ምንም እንደማያውቅ ሰው «አይዞሽ» አልኩሽ።

ሰኞ ኮምፒውተርሽን ሳልጠይቅሽ ከፍቼ፣ ለራሴ ሥራ ብዬ አዲሱን ፓይተን ጫንኩበት። አሮጌውን ደግሞ፣ ቦታ ይይዛል ብዬ፣ አጠፋሁት። አንቺም እኮ የይለፍ ቃልሽን ፍሪጁ ላይ ለጥፈሽ... ተይው፣ ሰበብ ነው።

ዛሬ ጠዋት አሮጌውን ፓይተን ባስገባሁበት ክፍል ፕሮግራምሽን ከፈትኩት። አንዲት ፊደል ሳልነካ ቀጥ ብሎ ሠራ።

ይህንኑ ለአለቃሽ ልነግር ቢሮሽ ሄጃለሁ። የቤት ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ። ስመለስ አንኳኳለሁ፤ መክፈት አለመክፈቱን ላንቺ ትቻለሁ።