የወንድሜን ክፍል ላሸጉልን ክቡር ኃላፊ

ለዲጂታል ገንዘብ መረቦች ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ
ጉዳዩ፦ አንድ በር እንዲከፈትልን ስለመጠየቅ፣ ለአምስተኛ ጊዜ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ማኅተምና የማኅተሙ ቀለም እንደምን ሰንብታችኋል? የሁላችሁንም ጤንነት ከልቤ እመኛለሁ፤ በተለይ የቀለሙን፣ ምክንያቱም ባለፈው ወር ስመጣ መልሳችን የዘገየው ቀለም አልቆ ነው ተብዬ በጣም አዝኜ ነበር። እኔና እናቴ እንደሚሆነው ሆነን አለን።

ምናልባት ካላስታወሱን፣ ታላቅ ወንድሜ ሞባይል ጠጋኝ ነበር። የዛሬ አሥር ወር ከሥራ ሲመለስ ሞተር ብስክሌቱን የጭነት መኪና ገጨውና ሞተ። በዚህ ነገር የመሥሪያ ቤትዎ እጅ የለበትም፤ ሰዎችዎ የደረሱት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ጎረቤቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲሉ ሰምቼ፣ ወንድሜን ጅብ በማለታቸው ተቀይሜያቸዋለሁ። ስለ ውሻው ግን አልተከራከርኩም።

ሰዎችዎ የመጡት በወንድሜ ክፍል መደርደሪያ ላይ የአንድ ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) መረብ መዝገብ ቅጂ የሚይዝ ትንሽ ኮምፒውተር ስለነበረ ነው። ነገሩን ላልተረዱ አንባቢዎች በምማርበት ክፍል ምሳሌ ላስረዳ። የክፍል አለቃችን የረባሽ ስም ይጽፋል፤ እስክሪብቶ ከሰጡት ደግሞ ያጠፋል። ዝርዝሩን አርባችንም ገልብጠን ብንይዘው ግን የማንንም ስም ማጥፋት አይችልም። ያልተማከለ የሚባለው መረብ ይኸው ነው፤ አለቃ የለው፣ ቢሮ የለው፣ ቅጂው በብዙ ሺህ ሰዎች ቤት ነው። እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1. የመምህራን ማኅበር የባንክ ሒሳብ በእርስዎ ትእዛዝ ሲዘጋ ሰዎች እርዳታቸውን በዚህ መረብ ላኩ። እርስዎም እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ያለው ሁሉ ለማኅበሩ የተላከውን ከመዝገቡ እንዲያስቀር አዘዙ። ወንድሜ «እኔ ደብተር ነኝ እንጂ ዘበኛ አይደለሁም» ብሎ ሳይታዘዝ ቀረ። ኮምፒውተሩን በወሰዱ ዕለት መረቡ ምን ያህል እንደተጎዳ ለማየት ጓጉቼ በስልኬ ፈትሼ ነበር፤ አንዲት ሰከንድ እንኳ አልቆመም። የፊዚክስ መምህራችንም እርዳታው ደርሷቸው ዛሬም ያስተምሩናል። ፈተናቸውን ሳስብ በእሳቸው ጉዳይ ብቻ ከእርስዎ ጋር ልስማማ እችል ነበር።

2. ሰዎችዎ ሽቦ ያለውን ሁሉ ለቅመው ስለሄዱ ቤታችን ሰፍቶልናል። ከኮምፒውተሩ ጋር የጠረጴዛ ቬንትሌተሩንና ወንድሜ ሊጠግነው ያስቀመጠውን የእናቴን የስፌት መኪና ፔዳል ወስደዋል። እናቴ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ አሁን መኪናውን በእጇ እያዞረች ትሰፋለች። ፔዳሉ በምርመራ ወቅት ያመነው ነገር ካለ በደብዳቤ እንዲያሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

3. «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው፣ መረቡን ማሸግ ሲያቅትዎ የወንድሜን ክፍል አሸጉ። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «በውስጡ አደገኛ መረብ አለ» ይላል። በውስጡ ያለው አልጋ፣ ትራስ፣ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ጃኬትና አንድ ጥንድ ጫማ ነው። እናቴ በየጠዋቱ ኮሪደሩን ጠርጋ በሩ ጋ ስትደርስ መጥረጊያዋን ይዛ ትቆምና ትመለሳለች። ያን ሁሉ ኃይል አሰልፈው ያስቆሙት እሷን ብቻ ነው።

4. ወንድሜ በመረቡ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ነበር። «ጥቁሩ ጫማ እግሩ ሲሞላው የትንሹ ነው። እስከዚያ እንዳይነካ።» ባለሙያዎችዎ በዚህች መስመር ላይ ሦስት ገጽ ትንታኔ አዘጋጅተው፣ «ጥቁሩ ጫማ» ኅቡዕ ድርጅት፣ «እግሩ ሲሞላው» ደግሞ የአባላቱ ቁጥር መሟላት እንደሆነ ደርሰውበታል። ለድካማቸው አድናቆቴ ይድረሳቸው። ትንሹ እኔ ነኝ። ጫማውን ሰርቄ ኳስ ተጫወትኩበትና ጭቃ አስመስዬ መለስኩት፤ አልነካሁም ብዬም ማልኩ። እሱም እናቴ ፊት ቁጭ ብሎ ያችን መስመር ጻፈና «ይህን እንግዲህ አንተም እማዬም መንግሥትም አያጠፋውም» አለኝ። እናቴ እስኪያማት ሳቀች። ያን ያህል ስትስቅ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

መሥሪያ ቤትዎ ይህን መስመር በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያጠፋ ለወንድሜ በስሙ ጽፎለታል። በሕይወት ቢኖርም አይችልም ነበር፤ ማንም አይችልም። «ባለጉዳዩ በአካል ቀርቦ ካልፈረመ እሽጉ አይነሳም» ስባል የሞት የምስክር ወረቀቱን ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና «ታዲያ መቼ ይመቸዋል?» አለችኝ። ከልምድ ያመለጣት ነው፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። በመሥሪያ ቤትዎ ሰው ሲያፍር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ እንዳይቀጡብኝ አደራ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ኮምፒውተሩ ይቅርብን፤ ቬንትሌተሩም ሙቀት ሲበዛ ያገለግልዎት። በሩን ብቻ ይክፈቱልን።

ውድ ጊዜዎን ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ባለጉዳዩ በአካል ሊቀርብ ስላልቻለ በእሱ ፈንታ የቀረብኩት፣

የሟች ታናሽ ወንድም
የአሥረኛ ክፍል ተማሪ

ግልባጭ፦
ለወንድሜ (በአካል ቀርቦ እስኪወስድ በእኔ ዘንድ ይቆያል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰዎችዎ ትተውልን በሄዱት፣ በክፍሉ ውስጥ በታሸገው ንብረት ዝርዝር ተራ ቁጥር 9 ላይ «ጥቁር ጫማ፣ አንድ ጥንድ፣ ቁጥር 43» ይላል። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ፤ ቁጥሩን አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ማመልከቻ ይዤ ስመጣ የእኔ ጫማ 41 ነበር። እርስዎ መልስ እስኪሰጡ እግሬ ሁለት ቁጥር አድጎ ባለፈው ሳምንት 43 ገብቷል። እባክዎ ትንሽ ይፍጠኑልኝ፤ ወንድሜ 44 የለውም፣ ከእንግዲህም አይገዛም።