ቅዳሜ ከምንጩ ልጆች ጋር

ሚያዝያ 12፣ 1974
ፈቀዱልኝ! እንደምን ዋልሽ እንኳ አላልኩሽም፣ ደብተሬ... ፈቀዱልኝ! እንጦጦ ግርጌ ያለውን ምንጫችንን ከሰፈሩ ልጆች ጋር ላጸዳና ዙሪያውን ላጥር ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገመዳ ግን ፊቱን እንዳኮሳተረ ነው። «ሥራው እስኪያልቅ ብቻ፣ ጓድ ታደለች። መዝሙር ምናምን የለም።»
«ምን መዝሙር! ድንጋይ ነው የምናነሳው» አልኩት።
ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ አራት ዓመቱ። በየእሁዱ ሠላሳ ልጅ አስተምር ነበር። ከዚያ ወዲህ እሁድ ሲመጣ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም... ሰው ያልወለደው ልጅ እንዲህ ይናፍቀዋል?

ሚያዝያ 16
አሥራ ዘጠኝ መጡ! አካፋ የያዘ አለ፣ የእናቱን ሳፋ ሳያስፈቅድ ያመጣ አለ። አጥሩን ከየት እንጀምር ስል የባለሱቁ የከድር ልጅ ከይሪያ፣ ገና አሥር ዓመቷ፣ «እትዬ፣ አጥር ምን ያደርጋል? ሳሙናው እኮ ከላይ ነው የሚወርደው» አለች።
ከላይ ማን አለ? ልብስ አጣቢዋ ወርቄ። ጅረቱ ዳር ታጥባለች፣ እጣቢው እኛ ምንጭ ውስጥ ይገባል። እኛ ትልልቆቹ ውሃ ስናፈላ ኖርን። ቀና ብሎ ያየ ልጅ ነው።

ሚያዝያ 17
ወርቄ ወሬው ደርሷት ደጄ ድረስ መጣች። «በልጅ አፍ ከእንጀራዬ ልታነሺኝ? ቀበሌ ነው የምከስሽ!» ከከሰሰች አለቀልኝ። ልጆቹን ይወስዱብኛል...

ሚያዝያ 23
ልጆቹን አስከትዬ ወደ ወርቄ ሄድኩ። ከይሪያ ቀደመችኝ፦ «እማማ ወርቄ፣ ማጠቢያ ድንጋይዎን ከምንጩ በታች እናወርድልዎታለን። ቦታውን እርስዎ ይምረጡ።»
«በምን ጉልበትሽ፣ አንቺ አንበጣ?»
በገመድ አስረው አወረዱት! ወርቄ ፀሐይ ያለበትን መረጠች፤ ከዚያማ ማን ያስቁማት? «ወደ ግራ! ግራ አታውቁም? ገንፎ ሳትበሉ ነው ያደጋችሁት?» በመጨረሻ ለሁሉም ቆሎ ዘገነችላቸው።

ግንቦት 7
አጥሩ ጥቂት እንጨት ቀረው። ክፉ ሴት ነኝ... አንዱን «ጠሟል» ብዬ አስነቀልኩ። አልጠመመም ነበር፤ ሥራው እንዳያልቅብኝ ብዬ ነው።

ግንቦት 14
አለቀ። ጓድ ገመዳ ውሃውን በመዳፉ ጨልፎ ቀመሰ። «በሉ፣ እናመሰግናለን፣ ወደየቤታችሁ።»
ማንም አልተነቃነቀም። ከይሪያ ጠየቀችው፦ «ክረምት ሲገባ የምንጩን ቦይ ማን ይጠርጋል? እርስዎ ነዎት?»
ሰው ሳቀ። ወርቄ ከታች ጮኸች፦ «ንገሪው! ያለ ታደለች እነዚህን ማን ይችላቸዋል?»
ገመዳ ጭንቅላቱን አከከ፣ አከከ... መዝገቡን አውጥቶ «በየቅዳሜው» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ስሜን። በዓይኔ አየሁት።
እሁዴማ ባዶ ነው። እነዚያ ሠላሳዎቹ አድገው የት ደርሰው ይሆን? ያስታውሱኝ ይሆን? ቅዳሜ ግን አለኝ፣ ቅዳሜ!
የምንጩ ምረቃ ግንቦት 21፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ከላምበረት እስከ ቀበና ማንም እንዳይቀር፤ የቀረ እኔን አያናግረኝ!