ትንሿ ዐረፍተ ነገርና የእህቴ ልጅ ዕጣ

ለተከበሩ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ኃላፊ፣ ለፕሮፌሰር ታን
ዉሃን

ክቡር ሆይ፣ ይህ የዉሃን ሙቀት እንደ እኛ በላብ ሳያጠምቅዎ፣ ጤናዎ ተጠብቆ፣ የቢሮዎም ማቀዝቀዣ ሳይሰናከል ደብዳቤዬ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። የእህቴ ልጅ ሯን ጂንሱ እርስዎ በሚመሩት ክፍል የዶክትሬት ተማሪ ናት፤ የመመረቂያ ጽሑፏ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላለፈ ስሟ ከመዝገብ ይሰረዛል። ስለዚህ ምስጋናዬን ቶሎ ላቅርብ።

፩. ገምጋሚውና ተማሪዋ እንዳይተዋወቁ ስማቸውን ስለምትሸፍኑ አመሰግናለሁ። የማን ደቀ መዝሙር እንደሆነች ከመጀመሪያው የግርጌ ማስታወሻ የማያውቅ ባይኖርም፣ ሥርዓቱ ተከብሯል።

፪. ጂንሱ የመምህሯን ትምህርት ተከትላ፣ የቻይንኛ ሰዋስው መሠረት ትንሿ ዐረፍተ ነገር ናት ብላ ጻፈች፤ «ዘነበ፤ አልመጣም» ስንል እያንዳንዷ ለብቻዋ የምትቆመዋን ቁራጭ ማለቷ ነው። ቃልም ሐረግም ነፍስ የሚዘሩት እሷ ውስጥ ሲገቡ ነው አለች። አምና የመረጣችሁላት ገምጋሚ ግን የሐረግ ወገን ነበሩና «መሠረቱ ሐረግ ነው» ብለው ጣሏት። ልጅቷ እንቅልፍ አጥታ ሁሉንም በሐረግ ገልብጣ ጻፈች። ዘንድሮ ደግሞ ለትንሿ ዐረፍተ ነገር ወገን ሰጣችሁትና «የመምህሯን መንገድ ክዳለች» ተባለች። ስሟ ተሸፍኖ መምህሯን እንዴት እንዳወቁ አልጠይቅም፤ ሁለቱንም ቤት እኩል ስላስተናገዳችሁ ግን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፫. ቤታችንንም አድምቃችሁልናል። እናቷ ጠዋት በሰሊጥ የታሸውን ኑድል ፊቷ አስቀምጣ «ብይ እንጂ ልጄ፣ ሆድሽ ምን አጠፋ?» ስትላት፣ ልጅቷ «እማዬ፣ የቱን ልጻፍላቸው?» ብላ ታለቅሳለች። ጎረቤታችን ወይዘሮ ፌንግማ «ምን ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነው የማያልቀው? እኔ እኮ ልጄን ድሬ የልጅ ልጅ አቀፍኩ!» እያለች በደረጃው ላይ ታውጃለች።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ አለቀብኝ። ልጅቷ እየሟሟች ነው። ስሟ ሳይሰረዝ ሁለቱን ገምጋሚዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጡልንና ፊት ለፊት ትከራከር። መጣል ካለባትም ዓይኗን እያዩ ይጣሏት። ሌላ የምናንኳኳው በር የለንም።

መልስዎን እስካገኝ ከቢሮዎ ደጃፍ ካለው የእንግዳ ወንበር የማልነሳው፣ በፍጹም ትሕትና እጅ የምነሳዎ፣
ቹ ሜይሮንግ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የአምናው ገምጋሚ ከአንድ አንቀጽ ጎን በቀይ «ይህን የጻፈ ሰው ቻይንኛ አያውቅም» ብለው ነበር። አንቀጹ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ነው፤ የተወሰደውም እርስዎ በወጣትነትዎ ከጻፉት መጽሐፍ ነው። ጂንሱ «አክስቴ፣ በሞቴ ይህን አትጻፊ፤ ሰውዬው ያፍራሉ» ብላ ለምናኝ ነበር። እሷ እንኳ ለእርስዎ ስም ተጨንቃለች።