አንተ ያልረገጥከው ደረጃ

ሐሰን፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ እንዳልጀምር ትርጉም የለውም፤ ናፈቅኸኝ ብዬ እንዳልጀምር ገና ተናድጄብሃለሁ። ባለፈው ረመዳን፣ በወረርሽኙ ሰዓት እላፊ መሐል ሆስፒታል ወሰዱህ፤ ሳልሰናበትህም ተቀበርክ። ይኸው ረመዳን ዞሮ መጣ። ንዴቴ አልበረደም።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን ዘይነብ ደህና ናት። ሻርቅ ሰፈር ያለው መሥሪያ ቤቷ ብዙ ሰው ሲያሰናብት እሷን አስቀርቷታል፤ እዚህ ዓረብ አገር የምንኖርበትን የፈርዋኒያውን ቤት ኪራይ የምትከፍለው እሷ ናት። ሊፍቱ ዛሬም አይሠራም። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በአንተ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር አብሮህ ሞቷል፤ የተሰጠኝ ጊዜ ሲያልቅ አገሬ እገባለሁ። የት እገባለሁ የሚለው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ኮምቦልቻ ያሠራኸው ቤት ፎቅ ነው፤ መኝታውም መታጠቢያውም ላይ ነው። እኔ ደግሞ ጉልበቴን የምታውቀው ነው።

ነግሬህ ነበር። መሠረቱ ሳይቆፈር ቁጭ ብዬ በማስመሪያ ንድፍ አወጣሁልህ፤ ታች አንድ መኝታ ከነመታጠቢያው፣ ከበሩ ሳይርቅ። እኔን ያስተማሩኝ መምህርት መስመር የጠመመባትን ልጅ መዳፏን ይገርፏት ነበር። የእኔ መስመር አልጠመመም። አንተ የሻይ ብርጭቆህን አስቀመጥክበት። ታቹ ሱቅ ይሆናል፣ ይከራያል፣ ጡረታችን እሱ ነው አልክ። ጉልበቴን ሳነሳብህ፣ አንቺ አሮጊት፣ ከወዲሁ መቃብራችንን ልታስቆፍሪ ነው እንዴ ብለህ ሳቅህ። ያኔ እዚህ ቤት የውሃ ካርቶን ተሸክመን ሦስተኛ ፎቅ እንወጣ ነበር። ኋላ ግን አንተ ራስህ በየማረፊያው ትቀመጥ ጀመር። ምን ሆንክ ስልህ መንገዱን እያየሁ ነው ትለኛለህ። እዚያ ደረጃ ላይ መስኮት የለም፣ ሐሰን።

በዚያው ሰሞን ወንድምህ ዑመር በኢሞ በምስል ይደውልና ስልኩን ይዞ የአዲሱን ቤት ደረጃ ይወጣልህ ነበር። ቀስ በል፣ መደገፊያውን አሳየኝ፣ ትለዋለህ። እሱ ያለከልካል፤ አንተ ተኝተህ ትደሰታለህ።

ያፈራነውን ሁሉ ሲሚንቶ ውስጥ ከተትከው። ለክፉ ቀን ትንሽ በእጃችን ይቆይ ስልህ፣ ገንዘብ ይቀልጣል፣ ግንብ አይቀልጥም አልከኝ። ራይ ሰፈር ያለው የምትሠራበት መጋዘን ተዘግቶ ደመወዝህ ሲቆም፣ ባለ ፎቆቹ የወር ኪራይ አጥተን ልጃችን ፊት አንገታችንን ደፋን። እውነትህን ነው፣ ግንብ አይቀልጥም። አይበላምም።

ሱቁም ተከራይ አጣ። ዑመር ቤት ልጠብቅ ብሎ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ታች ገባ። ከኋላ መታጠቢያ አሠርቷል። ከበሩ አይርቅም፤ እኔ ያሰመርኩበት ቦታ ላይ ነው።

ልመጣ ነው ስለው፣ እትዬ ፋጡማ፣ ላዩ እኮ ለክብርሽ ነው፣ ደረጃ ደግሞ ለጤና ጥሩ ነው አለኝ። እንግዲያው ጤናውን ለአንተ ሰጥቼሃለሁ፣ አንተ ውጣ አልኩት። ወንድሜ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር ብሎ ሊያለቅስብኝ ቃጣው። ወንድምህማ አንተ ደረጃ ስትወጣ ማየት ይወድ ነበር አልኩት። ቤቱ በእኔም ስም ስለሆነ እሺ አለ። በዒዱ ማግስት ዕቃውን ወደ ላይ ያወጣል፤ ኪራይም ይከፍላል። ጡረታዬ ከላይ ይመጣል፣ እኔ ታች እተኛለሁ። አንተ ካሰብከው ተገልብጦ ነው፤ ይሠራል።

ፎቅ ለምን እንደፈለግህ አላውቅም አልልም። አዲስ ተጋቢ ሳለን ማዳም ቤት፣ አንተ ሾፌር እኔ ወጥ ቤት ሆነን፣ ሰርዳብ ውስጥ፣ ከምድር በታች ነበር የምንተኛው። በዚያች ጠባብ መስኮት የሚታየን የመኪና ጎማና የሰው ጫማ ነበር። የማዳምን አረማመድ በሁለት ጣትህ ስታሳየኝ ሳቄን በትራስ አፍን ነበር። አንድ ቀን እኔም ከላይ ሆኜ አናታቸውን አያለሁ አልክ። ቤቱን የሠራኸው ለዚያ ለሰርዳቡ ጎረምሳ ነው። ወለድን፣ አሳደግን፣ አረጀን፤ አንተ ግን አሁንም ለእሱ ታስገነባለህ። የያኔዋ ሚስቱ ብትሆን ደረጃውን እየሮጠች ትወጣው ነበር። እሷን መጠየቅ ትተህ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?

አልረሳህም፤ እንዴት ብዬ። ኮምቦልቻ ከገባሁ በኋላ በየዓመቱ ረመዳን ሲገባ ያንን ደረጃህን እወጣለሁ። መደገፊያውን ይዤ፣ ማረፊያው ላይ ቁጭ ብዬ፣ እያጉረመረምኩብህ። በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥቼ መንገደኛውን በአናቱ በኩል አይልሃለሁ። መላጣ ካለፈ እነግርሃለሁ። ከዚያ በላይ አትጠብቅብኝ፤ ወርጄ በሬን እዘጋለሁ።

ሚስትህ ፋጡማ