ጭጋግ በማዕበል ፊት ሲንበረከክ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ጉልበትሽስ ከደረጃው ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም እንደተኳረፉ ናቸው? እናታችን ደህና ናት? መስማት ያቆመው ጆሮዋ ሐሜት ሲመጣ ብቻ እንደሚከፈት ጽፈሽልኝ ነበር፤ እንኳንም ተከፈተ። ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ በር ላይ ተጋድሞ ሰው የሚያደናቅፈው ድመታችሁ ሳይቀር እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ሰውነቴን ማለቴ ነው፤ ሆዴ ውስጥ ያለውን ከዚህ በታች ዘርግፌልሻለሁና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ማዕበልና ጭጋግ በአንድ ፊልም ሊገናኙ ነው። ትልቁ ልጅሽ ሳይነግርሽ አይቀርም። እስከ ዛሬ ስድስት ስድስት ፊልም ተሠርቶላቸው አንዱ የሌላውን ሰፈር ረግጦ አያውቅም ነበር፤ ማዕበል ደረቱን ነፍቶ ሰማይ ላይ ይበራል፣ ጭጋግ ደግሞ እስከ አገጩ ጭምብል ለብሶ በጭስ መሐል ወንጀለኛ ያድናል። ወሬው ሲነገር አዳራሽ ሙሉ ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ አሉ። እኔ አላጨበጨብኩም።

የሁለቱ ዓለም ሕግ አንድ አይደለማ! በጭጋግ ፊልም ሰው ከሦስተኛ ፎቅ ሲወድቅ ይሞታል፤ በማዕበል ፊልም ከደመና ላይ ሲወድቅ መንገዱ ይሰነጠቃል እንጂ እሱ አቧራውን አራግፎ ይሄዳል። አንድ ላይ ሲሆኑ የማን ሕግ ሊሠራ ነው? ማስታወቂያውን አሥራ አራት ጊዜ አየሁት። ጭጋግ አውቶቡስ ላይ ይወረወራል፣ የሚጨራመተው አውቶቡሱ ነው። ይኸው ሰውዬ በአራተኛው ፊልም ከብስክሌት ወድቆ ግማሹን ታሪክ ክንዱን በጀሶ አስሮ ነው የጨረሰው። የሚጣሉበት ምክንያትም አንድ ስልክ ቢደዋወሉ የሚያልቅ ነገር እንደሚሆን ከአሁኑ ታይቶኝ ነበር። ሁለት ሰዓት ተደባድበው፣ ግማሽ ከተማ አፍርሰው፣ ለካ ጠላታችን አንድ ነው ብለው ይታቀፋሉ፤ ከተማውን ይቅርታ የሚጠይቀው የለም።

ይህ ሁሉ አንተን ምን አንገበገበህ የሚለኝ ሰው ቢኖር አንቺ አይደለሽም። ያም ሆኖ ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልሽ፤ የኋላው ያለ ፊቱ አይጥምም።

እንደምታውቂው ዘጠኝ ዓመት፣ አራት ፊልም፣ በእኛ ቋንቋ የጭጋግ ድምፅ እኔ ነበርኩ። እንደ ቁም ሣጥን በጠበበች፣ ግድግዳዋ ስፖንጅ በለበሰ ክፍል ማይክ ፊት ቆሜ፣ እሱ ሲያስል አስዬ፣ ሲቆስል አቃስቼ፣ ሲያፈቅር ደግሞ እንደ ሞኝ ተንተባትቤ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ከዚያ አንድ ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ብቀር፣ ሥራ አስኪያጃችን ጠርቶ ቦታዬን ለሚስቱ ወንድም እንደሰጠው ነገረኝ። የሚስቱ ወንድም የማዕበል ድምፅ ነው። “እንዴት አንድ ሰው ሁለቱንም ይሠራል?” ብለው፣ “ሁለቱ የት ተገናኝተው!” አለኝ። ያ አልበቃው ብሎ ደግሞ፣ “ደግሞስ ወንድሜ፣ ጭምብል ያደረገ ሰው ድምፁ ቢለወጥ ማን ያውቅብናል?” ብሎ ጨመረበት።

ማንም አላወቀበትም። እንጨት እንጨት ያለኝ ይኸ ነው። ሁለት ፊልም ሲወጣ አንድ ሰው እንኳ ይሄ ሰውዬ ምን ነካው አላለም፤ ካንቺ በቀር። ከዚያ ሁሉ ርቀት ደውለሽ፣ “ጭጋግ ታሟል እንዴ? ድስት ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ይመስላል” ያልሽኝ ቀን ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ሲበቃኝ ፊቴን ታጥቤ ቂሜን አደስኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በሬዲዮ የሳሙና አረፋ እያደነቅሁ፣ በልቤ ግን ያንን ሰውዬ ዕለት ዕለት ሳጥበውና ሳሰጣው ነው የኖርኩት።

እነሆ ሁለቱ ተገናኙ። የሆነውን የነገረኝ ድምፅ ቀጂው ነው፤ ወዳጄ ነው፣ ሐሜትንም እንደ ሥራው ጥርት አድርጎ ይቀዳል። የሚስቱ ወንድም ለሙከራ ገብቶ በአንድ ጉሮሮ ራሱን ሲሰድብ፣ ራሱን ሲያስፈራራ፣ ራሱን ሲማጸን ዋለ። ለማዕበል ደረቱን ነፍቶ “ማነህ አንተ?” ይላል፤ ዞር ብሎ ለጭጋግ አፍንጫውን ይዞ “አንተስ ማነህ?” ይላል። ከቀረጻ ክፍሉ መስታወት ጀርባ የነበሩት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ገደል ማሚቶ ሆኖ ቀረ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ደወለ። “ወንድም ዓለም፣ ምነው ጠፋህ!” አለኝ። ያጠፋኝ እሱ ነው። “ላስብበት” አልኩት፤ ሁለት ዓመት ያሰብኩበትን ነገር። በሦስተኛው ስልክ እሺ ስለው ሁለት ነገር ጠየቅሁ። ሁልጊዜ ለየብቻችን ነው የምንቀዳው፤ አሁን ግን ገደል ማሚቶ ፊት ለፊቴ ቆሞ እንዲቀዳ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱም ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጦ እንዲሰማ። ለምን ሲለኝ “ለስሜቱ ነው” አልኩት። አልዋሸሁም፣ ስሜት ነበረኝ።

ጽሑፉ ሲደርሰኝ የጠረጠርኩት ሁሉ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፤ ያልተደወለው ስልክም፣ የጋራው ጠላትም። ያልጠረጠርኩት ግን ገጽ ሰባ ሁለት ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ጭጋግ ተሸንፎ፣ ተንበርክኮ፣ ማዕበልን ቀና ብሎ እያየ “ያለ አንተ እኔ ምንም አይደለሁም” ይላል። ማዕበል “አውቃለሁ። አሁን ተነሣ” ብሎ ይመልሳል።

እስቲ አስቢው እታለሜ። ሁለት ዓመት በቀል ሳበስል ኖሬ፣ በገዛ እግሬ ሄጄ፣ በገዛ አፌ ለገደል ማሚቶ ያለ አንተ ምንም አይደለሁም ልለው ነው! ፊት ለፊት ይቁምልኝ ያልኩት እኔ፣ አለቃው ይስማ ያልኩት እኔ። ሦስት ቀን እህል አልወርድልሽ አለኝ።

በአራተኛው ቀን ፌርማታ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። በእኛ ሥራ ጌታው አፍ ነው። አፉ የሚታይ ሰው ከንፈሩ ሲከፈትና ሲገጥም ቃሉ አብሮ መግጠም አለበት፤ ስለዚህ ማዕበል “አውቃለሁ” ካለ አውቃለሁ ነው፣ ማንም አይነካካውም። የጭጋግ አፍ ግን አይታይም። ርዝመቱን ብቻ ከጠበቅሽለት የፈለግሽውን ታናግሪዋለሽ። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ እኔ እዚያው ቆሜ በጣቶቼ እየቆጠርኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠራሁ።

ትናንት ጠዋት ቀዳን። ገደል ማሚቶ ሙቅ ውኃውን በፔርሙስ ይዞ መጣና “እንደምን አደሩ ጋሼ” አለኝ፤ ትሕትናው አናደደኝ። ገጽ ሰባ ሁለት ስንደርስ እውነተኛ ድምፅ እንዲወጣኝ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ፤ በሥራ ቀልድ አላውቅም። ቀና ብዬ እያየሁት “የእኔን ቦታ ነጥቀህ ነው የቆምከው” አልኩት።

ዓይኑ ከወረቀቱ ላይ ብድግ አለ። ስክሪኑ ላይ ግን የማዕበል ከንፈር ሊከፈት ነው፣ ማሰቢያ ጊዜ የለም። “አውቃለሁ። አሁን ተነሣ” አለ።

ድምፅ ቀጂው አውራ ጣቱን አነሣልን። እኔ ደግሞ እጄን አነሣሁ። “ትንፋሼ ገባበት፣ እንድገመው” አልኩ። ተናጋሪው እንድገመው ካለ ይደገማል፣ ደንብ ነው። ደገምነው፤ “አውቃለሁ” አለ። “ወንበር ጮኸ” አልኩ፤ ክፍሉ ውስጥ ወንበር የለም። ሠለስነው፤ “አውቃለሁ” አለ። አራተኛውን እንዳልን ሥራ አስኪያጁ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ፣ “ይሄ ቃል ጽሑፉ ላይ አለ እንዴ?” ሲል ሰማሁት። ድምፅ ቀጂው ቀና እንኳ ሳይል “አፉ አይታይም፣ ርዝመቱ ገጥሟል” አለው። ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ለቀቀ፤ ጆሮው ግን በመስታወቱ ውስጥ በርበሬ መስሎ ይታየኝ ነበር። እንዲያ ያለ ጠዋት በሕይወቴ አላየሁም።

በአምስተኛው ላይ ገደል ማሚቶ ደረቱን አልነፋም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና እኔን እያየ፣ ዝቅ ባለ፣ ስንጥቅ ባለ ድምፅ “አውቃለሁ” አለኝ። “አሁን ተነሣ” ሲል እጁን ዘረጋልኝ። ለሥራው ይሁን ለእኔ አላወቅሁም። እጁን አልያዝኩለትም፤ የማይኩን መቆሚያ ይዤ ተነሣሁ።

ድምፅ ቀጂው “ይሄ ነው! ይሄ ነው የሚገባው!” ብሎ ጮኸ። መዘዙ እዚህ ላይ ነው እታለሜ። ቀረጻውን አሰምቶኝ ነበር። ማዕበል በስድስት ፊልም አንድ ቀን ሰው ሆኖ አያውቅም፤ እዚያች ላይ ሰው ሆነ። ሕዝብ ያለቅስባታል፣ የሚያለቅሰውም ለእሱ ነው። አራት ጊዜ አስደግሜ፣ እንደ ቢላ ስዬ፣ ያንን ሰው በገዛ እጄ ተዋናይ አደረግሁት። ሥራ አስኪያጁ ሲወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ “ስሜቱ ግሩም ነበር” ብሎኝ አለፈ።

አሁን የቀረኝ ተስፋ ፊልሙ ላይ ያለኝ ጥርጣሬ ብቻ ነው። እንደፈራሁት ተራ ወሬ ሆኖ፣ በሁለተኛው ሳምንት ባዶ ወንበር ታቅፎ እንዲወርድ እመኛለሁ። ተመኝቼ ሳልጨርስ ደግሞ ጭጋግ እኮ ተመልሶልኛል፣ እባካችሁ ሰው ይይልኝ እላለሁ። የእሱን ማዕበል አስቀርቶ የእኔን ጭጋግ ብቻ የሚያሳይ ሲኒማ ቤት የለም።

እናታችንን ጉልበቷን ስሜልሻለሁ በያት፣ በደህናው ጆሮዋ በኩል። ባለቤትሽን አክባሪህ ሰላም ይልሃል በይው። ትንሿን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ትልቁን ልጅሽንም ሳሚው፤ የማዕበል ወገን መሆኑን ለጊዜው አልፌዋለሁ። ፊልሙ ከሁለት ወር በኋላ እናንተ ዘንድ ይደርሳልና ያቺ ቦታ ስትመጣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስሚ። ከሁለታችን የትኛው ድምፅ ጆሮሽ ውስጥ እንደቀረ እውነቱን ጻፊልኝ፤ ወንድሜ ነው ብለሽ እንዳታደይ። ብታደይ ግን አልቀየምሽም።

የሚናፍቅሽ ታናሽ ወንድምሽ፣
ከቀረጻው ቤት መተላለፊያ፣ ተራዬን እየጠበቅሁ፣
ኅዳር 12 ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት።