ሐሙስ ሳይደርስ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለእትዬ የሺአረግ፣ ሲሬ።

አከም ጅርታ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ዳገቱን ይችልልሻል ወይ? የጋሼ መሸሻ ወገብስ እንዴት ሆነላቸው? ላሚቱ ወለደች? እኔ ጤናዬ ደግ ነው፣ እንቅልፌ ግን ጠፍቷል። ይህን ያለ ጸሐፊ በገዛ እጄ ጻፍኩት። «የነመራ ፊደል ከላም ኮቴ አይለይም» ያሉት ጋሼ መሸሻ፣ ልጃችሁ ድርቤ ስታነብላቸው ይስሙና እስቲ አሁን ይድገሙት። ማታ ከምንማረው ሁሉ የእኔን እጅ የሚያህል የለም፤ መምህሩም ያውቀዋል፣ ቅናት ይዞት ነው እንጂ።

ደብዳቤውን ይዛ የመጣችውን ሴት ግን ደጅ አታቁሚያት። ወደ እሷ ነገር እስክደርስ ትቀመጥ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ ከቆዳ መጋዘኑ ጀርባ በብርድ ሞተው ተገኙ። እኛ የእድሩ ሰዎች ወንጌላውያኑ አስጠግተዋቸዋል ስንል፣ ወንጌላውያኑ እድሩ አስጠግቷቸዋል ሲሉ፣ በመካከል ማንም አላስጠጋቸውም። ዘንድሮ የእድራችን ዳኛ ኦቦ ዋቅወያ ሁለቱን ወገን ሰበሰቡና፣ «ሁላችንም እንሰጣለን፤ ማን እንደ ቀረ ግን አናውቅም። ማን የት እንደሚያድር፣ ምን ሥራ እንደሚችል፣ የማን ቤት ቦታ እንዳለው ይጻፍ» አሉ። ማን ይጻፍ ሲባል እጄን ከሁሉ ቀድሜ አነሳሁ፤ መቼም ታውቂኛለሽ። ከገበያው ዳስ እስከ ቡርቃ ጃቶ በረንዳ ለበረንዳ ዞርኩ። ሰዎቹ ወረቀት ሲያዩ ይሸሹ ነበር፤ አሳቅኳቸውና ስማቸውን ነገሩኝ።

ሰኞ ዕለት አንድ ሹም ገበያ መካከል አስቆመኝና ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። «ጽሕፈትህ ያምራል። ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ይዘኸው ና» አለኝ። እጄን ያመሰገነ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ወረቀቱን ለምን እንደፈለገው ግን ወዲያው ገባኝ። ትልቅ እንግዳ ይመጣል እየተባለ ነው። ያለፈው እንግዳ ሲመጣ በረንዳ አዳሪውን በካሚዮን ጭነው ወሰዱት፤ የት እንዳራገፉት እስከ ዛሬ የሰማ የለም። አሁንማ መፈለግም የለባቸው፤ እኔ አሳምሬ ጽፌላቸዋለሁ።

ላቃጥለው ስል ኦቦ ዋቅወያ፣ «አንተ ልጅ፣ ብታቃጥለው ሰዎቹ ያው እዚያው ናቸው። ይልቅ ሐሙስ ሳይደርስ ወረቀቱን ውሸት እናድርገው» አሉኝ። በዚያው ወረቀት እየተመራን ቤት ለቤት ሄድን፤ ቤት የገባውን ስሙን ሰረዝኩ። ሸማኔውን ሸማኔ ወሰደው። ዓይነ ስውሩን ወንጌላውያኑ አስጠጉት። ሁለቱን ወንድማማቾች ወፍጮ ቤቱ ለዘበኝነት አስገባቸው። የቀረችው ደብዳቤዬን የያዘችው ደራርቱ ናት። ባለመሬቱ ከእርሻቸው አስነሥቷቸው፣ ባሏ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ አልተመለሰም። መውለጃዋ ደርሷል፤ ቤቴ ብትሞትብኝስ እያለ ሁሉም በሩን ዘጋ። የእኔ ክፍል እንደሆነች እግሬን ስዘረጋ ራሴ ደጅ ይወጣል።

የእማዬን ክፍል ከቀብሯ ወዲህ እንዳልከፈትሽው አውቃለሁ። እትዬ፣ ለራሴ ስለምንሽ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ለሰው ልለምንሽ። ክፈችላት። እምቢ ካልሽ በዚያው አውቶቡስ ትመለሳለች፤ ነገ ካሚዮኑ ያገኛታል። ሾፌሩ ተረፋ ዛሬ ማታ ሲመለስ «ገብታለች» የሚል ቃል ላኪልኝ። እስከዚያ ስሟን አልሰርዝም፤ መናኸሪያው በር ላይ እጠብቃለሁ።

ጋሼ መሸሻን እጅ ነሥቻለሁ በያቸው። ድርቤን ስላነበበችልሽ ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን እማማ ማዘንጊያን እንዴት ሰነበቱ በይልኝ። ደራርቱንም፣ ከቤት ውስጥ ካለች፣ ሰላም በያት።

ወንድምሽ ነመራ
ነቀምት፣ ረቡዕ ግንቦት ፳፫ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.